ያላወረድኋት ግንብ

ሰው በጨዋታ ተሸነፈ ተብሎ ስብሰባ ሲጠራበት አይታችሁ ታውቁ እንደሆን እንጃ፤ በእኔ ግን ተጠርቶብኛል። አጀንዳው በታይፕ ተመትቶ፣ ክብ ማኅተም አርፎበት፣ ወረታ ከተማ ውስጥ ሦስት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ተራ ቁጥር አንድ፦ የሩዝ ማሳው የውሃ ቦይ ጉዳይ። ተራ ቁጥር ሁለት፦ በሰውና በማሽን መካከል በተደረገው የቼዝ ግጥሚያ ያመለጡ ዕድሎች ግምገማ። ተራ ቁጥር ሦስት፦ ልዩ ልዩ። ዕድሎቹ ያመለጡት ማንን እንደሆነ አጀንዳው አልጠቀሰም፤ መጥቀስም አላስፈለገውም። በዚያ ሳምንት ወረታ ላይ እንደ እኔ ዕድል ያመለጠው ሰው አልነበረም።

ከሥሩ ልጀምር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሩዝ ለፎገራ ገና እንግዳ የነበረበት ጊዜ። ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ለከብት ግጦሽ እንጂ ለእህል የማያውቀው ገበሬ፣ «ይኸን ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድግ ነገር ማን ይበላዋል?» እያለ በሩቁ ያያል። ሩዙን ሊያስተምር ከወዳጅ አገር የተላከ አንድ ባለሙያ ነበር። ስሙ ለአፋችን ስለከበደ ከተማው «አቶ ሩዝ» አለው፤ እሱም ስሙን ወደደው። ከአማርኛ የሚያውቀው «ጥሩ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ጂፑ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ስትሰምጥ «ጥሩ ነው» ይላል። የሰው በሬ ገብቶ ችግኙን ሲግጥበትም «ጥሩ ነው» ይላል።

ይኸ ሰው ከአገሩ ሲመጣ የቼዝ ማሽን ይዞ መጣ። እንደ ትምህርት ቤት መዝገብ ሰፋ ያለ፣ ላዩ የቼዝ ገበታ የሆነ፣ በየጠርዙ ቀያይ መብራቶች የተደረደሩበት ዕቃ ነው፤ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ጠጠራችሁን ስታንቀሳቅሱ የተነሣችበትን ቤት ጫን ታደርጋላችሁ፣ የምታርፍበትንም ጫን ታደርጋላችሁ። ማሽኑ «ጲጥ» ይላል፣ ያስባል፣ ከዚያም የራሱን ጠጠር ከየት ወዴት እንድትወስዱለት በመብራት ያዝዛችኋል። እጅ የለውም እንጂ ትዕዛዝ አላነሰውም። ገና ሳልሸነፍ ሎሌው እንደሆንሁ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበርሁ። ቼዝ የተማርሁት መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ነው፤ ከሠልጣኞቹ ሁሉ ስድስተኛ ወጥቻለሁ። ከስንት ሰው መሐል እንደሆነ አትጠይቁኝ። ወረታ ስመደብ ግን ስድስተኛነቱ ቀርቶ አንደኛ ሆንሁ፤ አዲሱን ቼዝ የሚጫወት ሌላ ሰው አልነበረማ። አንደኛነት ለብቻ ሲሆን ልብ ያሳብጣል። አንድ ቀን ሻይ ቤት አቶ ሩዝ ማሽኑን ሲያሳየን፣ «ሰው የሠራውን ሰው ያሸንፈዋል!» ብዬ ጠረጴዛ መታሁ። ከኋላዬ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ዘለቀ ሻዩን እያማሰለ ነበር። ጓድ ዘለቀ የሰማውን ነገር ሁሉ ወደ ፕሮግራም የሚለውጥ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሩዝ ሲታጨድ በሚደረገው በዓል ላይ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት እንድገጥም ተወሰነ። እኔ ስለመስማማቴ የጠየቀኝ የለም።

ለግጥሚያው ቃለ ጉባኤ ይያዝለት ተባለ። ጓድ ዘለቀ ቃለ ጉባኤ ያልተያዘለት ነገር አልተደረገም ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ ሠርጉ ላይም ሳያስይዝ የቀረ አይመስለኝም። እርምጃዎቹን እንድትጽፍ የእርሻ ጣቢያው ታይፒስት ትርንጎ ተመደበች፤ የጠጠሮቹን አካሄድና አጻጻፉን እንዳስተምራት ደግሞ እኔ። ሁለት ሳምንት ተሰጠን። ትርንጎ ሁሉንም በሁለት ቀን ለቅማ ጨረሰችው፤ የቀሩትን ቀኖች የጎተትኋቸው እኔ ነኝ። «የፈረስን አካሄድ እንደገና ብናየው?» እላለሁ። «ትናንትም አየነው እኮ፣ መምህር» ትላለች። «ፈረስ አስቸጋሪ ነው» እላለሁ። ከእነዚያ ቀኖች የበለጠ ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እንግዲህ ገብቷችኋል። ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር፤ ግን ፈራሁ። የትርንጎ አባት የኔታ ላቀው ናቸው፤ የቁሐር ሚካኤል የቅኔ መምህር። ሲያስሉ ተማሪው ሁሉ የሚነሣላቸው ሰው ናቸው። ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ሽማግሌ ልኮ ከበር መልሰዋል፤ አንዱን «ሲስቅ ድዱ ይታያል» ብለው፣ ሁለተኛውን «ራሱን ያወድሳል» ብለው። ስለ እኔ ሲጠየቁ ደግሞ «ዘመናይ ነው» አሉ ተባለ። ይህን ቃል አልጋዬ ላይ ሆኜ ስንት ቀን እንዳገላበጥሁት እኔ ነኝ የማውቀው። የኔታ ዓይን ውስጥ ሞገስ ካላገኘሁ ሽማግሌዎቼ መንገድ ለመንገድ ደክመው እንደሚመለሱ ግልጽ ነበር።

የኔታ ደግሞ የድሮውን ሰንጠረዥ አዋቂ ናቸው። በወጣትነታቸው፣ ጣራ ገዳም አካባቢ ቅኔ ሲማሩ፣ ከአንድ አዛውንት የተማሩት ነው። የድሮው ሰንጠረዥና አዲሱ ቼዝ እንደ ወንድማማች መልካቸው አንድ ነው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል። በሰንጠረዥ ወግ ደግሞ ተመልካች ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ ያሞግሳል። የኔታ በበዓሉ ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጭራቸውን ይዘው ከች ሲሉ እኔው ራሴ ብድግ ብዬ፣ «የኔታ፣ አጠገቤ ይቀመጡና ይምከሩኝ» አልሁ። ዕድሜ ልኬን ከተናገርሁት ሁሉ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ውድ የሆነችብኝ የለም።

አዳራሹ ሞላ። ከሐሙሲት በጭነት መኪና የመጡ ነበሩ። ከቁሐር የመጡ ገበሬዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ እንደሆኑ ከግድግዳው ሥር ቆሙ። አንዱ ማሽኑን አንገቱን ሰገግ አድርጎ ሲያየው ቆየና፣ «ይኸ ነገር ጨው ይልሳል?» ብሎ ጠየቀ። አቶ ሩዝ «ጥሩ ነው» አለው።

ግጥሚያው ተጀመረ። ተጀመረ ከማለቴ የኔታ በሁለት እጃቸው አራት ወታደሮችና አንድ ፈረስ ወደ ፊት ገፉ! ለካ በድሮው ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ወረራ ይባላል፣ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ልባቸው፣ በፈለጉት ፍጥነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ማሽኑ ይህን ማን ነግሮት? «ጲጥ ጲጥ ጲጥ ጲጥ!» ብሎ ጩኸቱን ለቀቀው።

«ደነገጠ!» አሉ የኔታ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

አቶ ሩዝ ማሽኑን አጥፍቶ እንደገና ከመጀመሪያው አሰናዳው። አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እየተፈራረቅን እንደምንጫወት ለየኔታ በጆሯቸው አስረዳኋቸው። «ተራ እየጠበቀ የሚዋጋ ጦር የት አለ? ጠላት ወረፋ ይይዝልሃል?» ብለው ቢቆጡም እጃቸውን ሰበሰቡ።

እጃቸውን ቢሰበስቡም አፋቸው ግን አልቦዘነም። «ንጉሥህን ጠብቅ! ምነው አንተ ልጅ፣ ንጉሥህን አታስጠጋም?» ይላሉ በዚያ ቅኔ በሚመራ ድምፃቸው። ጊዜው ንጉሥ ከወረደ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ጓድ ዘለቀ ጉሮሮውን ጠረገ። የኔታ ሦስተኛ ጊዜ «ንጉሥህን!» ሲሉ ተነሥቶ፣ ያ ጠጠር ከአሁን ጀምሮ «ዋናው» ተብሎ እንዲጠራ አሳሰበ። ከዚያ በኋላ «ዋናው ተከበበ!» በተባለ ቁጥር ሕዝቡ ዘወር እያለ ጓድ ዘለቀን ስላየው፣ ማሳሰቢያው ብዙ ሳይቆይ ተነሣ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሠላሳኛው እርምጃ ደረስን። ላብ በላብ ሆኛለሁ። ትርንጎ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆና ትጽፋለች። ማሽኑ አንድ ወታደር ገፋና ዝም አለ። ገበታውን አየሁ። እንደገና አየሁ። ግንቤ፣ ያቺ አንገቷ ደልደል ያለ ጠጠር፣ ፊት ለፊቷ አንድም የሚያግዳት የለም። ቀጥ ብላ እስከ ማሽኑ መጨረሻ መሥመር ብትወርድ ንጉሡ በራሱ ወታደሮች ታግዶ መሸሻ ያጣል። አለቀ ማለት ነው! እጄን ግንቧ ላይ ጣል ሳደርግ አዳራሹም ገብቶታል መሰል ትንፋሹን ዋጠ።

ያን ጊዜ ክርኔን አንድ እጅ ያዘኝ። የኔታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣

«በግንብ?» አሉኝ።

«አዎ፣ የኔታ። ይሞታል እኮ» አልኋቸው።

«መሞቱንማ ይሞታል። ግን ንጉሥ በግንብ ይገደላል? የአላዋቂ ወግ ነው። ነውር ነው! ጨዋ ሰው በወታደር ነው የሚገድል። ያውልህ ወታደርህ፤ ሦስት እርምጃ ብቻ ቀርቶታል። በወታደር ግደለውና ስምህ ይነሣ።»

በሰንጠረዥ ወግ ይህ እውነት ነው። ንጉሥን በትልቅ ጠጠር መግደል እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል፤ በወታደር የገደለ ግን ይዘፈንለታል። ይህን ወግ እዚያ ወንበር ላይ ስሰማው ግን ፊት ለፊቴ ድል፣ በጎኔ አማት ሆነው ታዩኝ። ድል የአንድ ቀን ነው፤ አማት የዕድሜ ልክ። እጄን ከግንቧ ላይ አንሥቼ ወታደሩን ገፋሁ።

ማሽኑ መብራቱን እያርገበገበ ረዘም ላለ ጊዜ አሰበ። የቁሐሩ ገበሬ «ተኛ» አለ። አልተኛም ነበር። በአራት እርምጃ ውስጥ ንግሥቴን በላ፣ ያችን ግንቤን በላ፣ ንጉሤን ጥግ አስይዞ ገደለብኝ። በዚያም አላበቃም፤ የድል ዜማ አለው ለካ! እንደ ጫጩት ድምፅ ባለች ቀጭን ጲጥጲጥታ ዘፈነብኝ። አቶ ሩዝ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ጥሩ ነው» አለኝ። በማግስቱ ሥራውን ጨርሶ ማሽኑን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። የሄደው እሱ ብቻ ነው፤ ያቺ ግንብ ግን ወረታ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን መከራ! የየኔታን ሹክሹክታ ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ስለዚህ ከተማው ሁሉ እኔን ይዞ ዋለ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገቴ ላይ እንዳሳረፈ፣ «ቆይ ግን፣ ለምን አላወረድሃትም?» አለኝ። ሥጋ ቤት አጥንት በግንብ፣ ጉበት በንጉሥ ተመስሎ ቦታው ተደርድሮ አገኘሁ። የጭነት መኪና ረዳት መኪናው ላይ ሆኖ ጣቱን ቀስሮ፣ «ያቺን ግንብ ያላወረዳት እሱ ነው!» እያለ ለተሳፋሪው አስጎበኘኝ። የነፍስ አባቴ እንኳ ባርከው መስቀላቸውን ካሳለሙኝ በኋላ፣ «ግን ልጄ፣ ያቺ ግንብ...» አሉኝ። እኔም ቤቴ ገብቼ በቆርኪና በባቄላ እየደረደርሁ ያችን ቦታ ሳያት እከርማለሁ። ግንቧን አወርዳለሁ፣ «ሞተ!» እላለሁ፣ ላለቅስ ምንም አይቀረኝም።

ስብሰባው የተጠራው እንግዲህ ያኔ ነው። በዓሉን ሊያዩ ከበላይ የመጡት እንግዶች የሰው ልጅ በባትሪ ድንጋይ ሲሸነፍ ማየታቸው ጓድ ዘለቀን እንቅልፍ ነስቶታል። የቦዩ ጉዳይ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ተራ ቁጥር ሁለት ሲደርስ ሰው ሁሉ አቀማመጡን አስተካከለ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ገበታ ተስሏል። ትርንጎ ቃለ ጉባኤውን ታነባለች፤ ከየኔታ ተማሪዎች አንዱ በጠመኔ እየሰረዘ ይስላል። ሠላሳ አንደኛው እርምጃ ላይ ሲደርሱ ጓድ ዘለቀ እጁን አነሣ።

«እዚህ ላይ ይቁም። ጓድ መምህር፣ እዚህ ላይ እጅህ ግንቧን ነክቶ ነበር። አዎ ወይስ አይደለም?»

«ነክቷል፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ታዲያ ምን ነካህ? መረጃ ደርሶናል። ያን ሰዓት በጆሮህ የሆነ ነገር የነገረህ ሰው አለ ተብሏል። ዕድሉን ያስመለጠን ኋላ ቀር ልማድ ከሆነ ልማዱን ያመጣው ሰው ይታወቅ፤ እዚህ መድረክ ላይ ቆሞ ግለ ሂስ ያድርግ።»

የኔታ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው የጭራቸውን ፀጉር አንድ በአንድ የሚቆጥሩ ይመስላሉ። በሰባ ዓመታቸው እዚያ ጣውላ ላይ ቆመው፣ ተማሪዎቻቸው እያዩ፣ «በድያለሁ» ሲሉ ታየኝ። ትርንጎን አየኋት። እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ፣ ሳትጽፍ፣ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ምን ላድርግ? እውነቱን ብናገር ነጻ እወጣለሁ፤ ሽማግሌ መላኩንም እረሳዋለሁ። ብዋሽ ስሜ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ደግሞ የሰፈረ ስም በዚያ ዘመን ቶሎ አይፋቅም።

ተነሣሁ። «ማንም አልመከረኝም» አልሁ። አንዴ ከጀመርሁ በኋላ አፌ እሺ አላለኝም። «ጥፋቱ የራሴ ትዕቢት ነው። በግንብ መግደሉን ናቅሁት። በወታደር ገድዬ እንዲዘፈንልኝ ፈለግሁ። ይህ የግል ዝና ፍለጋ ነው፤ ንዑስ ከበርቴያዊ ዝንባሌ ነው። ከሰፊው ሕዝብ ድል ይልቅ የራሴን ስም አስቀድሜያለሁ!» እንዲህ አድርጎ ራሱን የሰደበ ሰው ወረታ አላየችም። ጓድ ዘለቀ ሳይቀር፣ «በቃ፣ በቃ፣ ገብቶናል» አለኝ። ከዚያ ሂስ ለሕዝቡ ክፍት ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ጊዜ ተናገረ። ቅጣቴ ቀላል ነበር ይባላል፤ እስከ ክረምቱ መግቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሩዙን ቦይ እንድቆፍር። ተራ ቁጥር አንድና ተራ ቁጥር ሁለት በእኔ ጀርባ ላይ ተገናኙ።

በአራተኛው ቅዳሜ ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ቆሜ ዋልካውን ስገፋ፣ የኔታ በበቅሎ መጡ። ከላይ ሆነው ትኩር ብለው አዩኝ። አካፋዬን አስቀምጬ እጅ ነሣሁ።

«እግዜር ያበርታህ» አሉ።

«አሜን፣ የኔታ።»

«ዘመድ የለህም ወይ እዚህ አገር?»

«የለኝም፣ የኔታ። ከሥራ ባልደረቦቼ በቀር።»

በቅሎዋን ዞር አደረጓት። ከዚያ ፊታቸውን ሳይመልሱልኝ፣ «እነሱም ቢሆኑ ሰው ናቸው። ሰኞ ቤት ነኝ። ሽማግሌ የሚልክ ሰው ቢኖር በር አልዘጋም» ብለው ሄዱ። ቦዩ ውስጥ ተቀመጥሁ። ውሃ እንዳለበት ያወቅሁት ከተቀመጥሁ በኋላ ነው።

ለሽማግሌዎቹ የመለሱትን በኋላ ሰማሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነበር። ልጁ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ዋሽቶ እኔን ሸሸገኝ። የእኔን ገመና እንዲህ ከሸሸገ የልጄንም አይገልጥም። ውሰዱለት» አሉ። ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልኝ፣ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ እኔም ይህን ለመጻፍ የደፈርሁት ለዚህ ነው።

ተጋባን። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምን ያህል እንደወደድኋት ላሳያት ብዬ ገበታ ዘረጋሁና ያችን ሠላሳ አንደኛ እርምጃ በቆርኪና በባቄላ ደረደርሁላት። አዲስ ሙሽራ እንዲህ ያለ ነገር ያምረዋል።

«እዪው» አልኋት፤ «ግንቧ እንዲህ ትወርዳለች፤ ንጉሡ ይሞታል። ይህን ድል ነው ለአባትሽ ብዬ፣ ላንቺ ብዬ የተውሁት!»

ትርንጎ ገበታውን ትንሽ አየችው። እጇን ዘረጋችና፣ በእኔ በኩል በስተቀኝ ዳር ተረስታ የተቀመጠችውን፣ ፊል የሚሏትን የማሽኑን ጠጠር አነሣች፤ በሰያፍ ገበታውን አቋርጣ ሄዳ ግንቤን በላቻት።

«ይችስ?» አለችኝ።

ፊል በአዲሱ ቼዝ መንገዱ ካልተዘጋበት ከዳር እዳር በሰያፍ ይሄዳል። በድሮው ሰንጠረዥ ግን ሁለት ቤት ብቻ ዘሎ ያርፋል። የኔታና የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ ያቺን ፊል ለምን እንዳላዩዋት ያኔ ገባኝ፤ ሌላው ሰው ደግሞ የእነሱን ይዞ ነው የሚያወራ። እኔስ? እኔ ቼዙን ያስተማርኋት ሰው፣ በቆርኪና በባቄላ ስንት ጊዜ ደርድሬው፣ ግንቧን ባወረድሁ ቁጥር «ሞተ» ብዬ እዚያው ላይ አቆማለሁ። ከድል በኋላ ያለውን እርምጃ ማን ይቆጥራል! ባወርዳትም ኖሮ አልሞተም ነበር። ያ ሁሉ ስብሰባ የተደረገው፣ ያ ሁሉ ቦይ የተቆፈረው፣ ላልነበረ ዕድል ነው።

ደስታ ይሁን ንዴት ያልለየሁት ነገር ብድግ አደረገኝ። «የኔታ እኮ ምንም አላጠፉም! አሁኑኑ ሄጄ ልንገራቸው፤ በከንቱ ነው የሚጸጸቱት» አልሁና ጫማዬን ፈለግሁ።

«አባባ በድዬዋለሁ ብለው ነው የሰጡኝ» አለች ትርንጎ፣ ረጋ ብላ። «ነግረሃቸው ልትመልሰኝ ነው?»

ጫማዬን ትቼ ተቀመጥሁ። ገበታውን አየሁ። ፊሏን አየሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ ሐሳብ መጣብኝ።

«ትርንጎ፣ ይችን ፊል መቼ ነው ያየሻት?»

«ያኔውኑ ነዋ፤ እጅህ ግንቧ ላይ ሳለ።»

«እንዴ! ታዲያ በስብሰባው ለምን አልተናገርሽም? ቃለ ጉባኤው በእጅሽ! አንድ ቃል ብትናገሪ እኔም የኔታም ነጻ እንወጣ ነበር። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭቃ ውስጥ...»

«ልናገር እጄን ላወጣ ስል ጓድ ዘለቀ አንተን ጠየቀህ» አለች። ቆርኪውንና ባቄላውን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ መመለስ ጀመረች። «እኔ ከተናገርሁ፣ አንተ አባቴን አሳልፈህ ትሰጣቸው አትሰጣቸው እንደሆን በምን አውቅ ነበር?»